የስድስት ወር ኪራይ ይዞ የመጣውን ሰው አይቀበሉት

ጥያቄ፦

«ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከሟቹ ባለቤቴ ጋር በዕጣ የደረሰን ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ጀሞ አለኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቴ ደረጃውን አልችል ሲል ሴት ልጄ ዘንድ ገባሁ፤ ቤቱ ባዶውን ከተቀመጠ አራት ወር ሆነው። ከዚህ በፊት አከራይቼ አላውቅም። ደላላው 25,000 ብር ያወጣል ብሎኝ ነበር፤ ያዩት ሁሉ ግን ሄደው አልተመለሱም። አሁን የስድስት ወር ኪራይ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አምጥቶልኛል፤ ሰውየው ግን ወረዳ ሄዶ ውል ማስመዝገብ አይፈልግም። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድ ልጄ ‹የስድስት ወር የሚከፍል ከተገኘ እንዳያመልጥሽ› ብሎ ውል አርቅቆ ልኮልኛል። እህቴ ደግሞ ‹የአገራችን ልጅ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጪ› ትለኛለች። የጎረቤቴ ተከራይ የሦስት ወር ኪራይና የመብራት ዕዳ ጥሎ ሲጠፋ አይቻለሁና ፈርቻለሁ። መልካም ተከራይ በምን ይታወቃል?»

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ መምህርት፣ ደላላው በየቀኑ እየደወለ እንደሚያጣድፍዎ ስለምገምት አስቸኳዩን ላስቀድም። ያንን ሰው አይቀበሉት። ገንዘብ እንዳለው አሳይቶዎታል፤ ስሙ በወረቀት ላይ እንዲገኝ እንደማይፈልግም ነግሮዎታል። ለመኖር ቤት የሚፈልግ ሰው ውሉን ራሱ ይጠይቃል፤ ነገ ድንገት ውጣ እንዳይባል መከታው ያ ወረቀት ነውና። ይህን መከታ አውቆ የሚተው ሰው ቤቱን ለሌላ ነገር ፈልጎት ሊሆን ይችላል፦ አትርፎ ለሌላ ሊያከራየው፣ በቀን ለሚከፍሉ እንግዶች ሊያድለው፣ ሺሻ ሊያስጨስበት። ምናልባት ከዚህ አንዱንም አያስብ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን የሕንፃው ኮሚቴ ወይም ፖሊስ የሚጠየቅ ሰው ሲፈልግ የሚያገኘው ስም የእርስዎ ብቻ ነው።

ሕጉም አይፈቅድልዎትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከተፈረመ በኋላም በ30 ቀናት ውስጥ ተመዝግቦ መረጋገጥ ይኖርበታል። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ልጅዎ ያረቀቀው ውል በቅን ልቦና የተጻፈ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ውጭ ሆኖ የሚያስታውሰው የኪራይ ገበያ ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የነበረው ይመስለኛል።

ብዙ አከራዮች «ሁለት ዓመት» የሚለውን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እኔ ግን የጥያቄዎ መልስ የሚጀምረው ከዚያ ነው እላለሁ። ለሁለት ዓመት የሚታሰሩበትን ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደላላ ደረጃው ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ በፊቱና በአነጋገሩ ገምተው አይምረጡት። ማስረጃ ይጠይቁት፤ የተናገረውንም ሄደው ያጣሩ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ዋጋው እንነጋገር፤ ያዩት ሁሉ ሄደው የቀሩበት ምክንያት እርሱ ይመስለኛል። ደላላው 25,000 ያወጣል ያለው ቤቱን እንዲሰጡት ለማባበል ሊሆን ይችላል። እውነተኛውን ዋጋ የሚነግሩዎት የዚያው ሕንፃ ሰዎች ናቸው። የቀድሞ ጎረቤቶችዎን ባለሁለት መኝታ በስንት እንደተከራየ ይጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት የገባውን ሳይሆን በቅርቡ የገባውን ይጠይቁ። 21,000 ነው ቢሉዎት እንበል። ባለፉት አራት ወራት 25,000 እየጠበቁ 100,000 ብር አልፎዎታል። ቤቱን ገና በመጀመሪያው ወር በ21,000 አከራይተውት ቢሆን ኖሮ በወር የሚጎድልብዎ 4,000 ብር በሁለት ዓመት ተደምሮ 96,000 ይሆን ነበር። ባዶው ቤት በአራት ወር ብቻ የሁለት ዓመቱን ልዩነት በልቶታል ማለት ነው። እንዲያውም ያልጨመርኩት አለ፤ ባዶ ቤት የጥበቃና የጽዳት መዋጮ መክፈሉን አያቆምም፤ ቧንቧው ቢፈስ የሚያየው የለም።

ከገበያው በላይ የተጠራ ዋጋ ሌላም ጉዳት አለው። ደህና ደመወዝ ያለው፣ አማራጭ ያለው፣ በጊዜ የሚከፍለው ሰው ዋጋውን አይቶ ወደ ሚቀጥለው ሕንፃ ይሄዳል። ሳይከራከር «እሺ» የሚለው አንዳንዴ ለመክፈል ያላሰበው ነው። በሌላ በኩል ከልክ በላይ አውርደው አይጀምሩ። በስምምነት ከጀመሩበት ዋጋ በኋላ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ እርሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ጣሪያ ልክ ነው፤ በርካሽ ሰጥቼ ከስድስት ወር በኋላ አስተካክለዋለሁ ማለት አይቻልም።

ቤቱን ደግሞ ሰው ሊገባበት እንደተዘጋጀ አድርገው ያሳዩ። አራት ወር የተዘጋ ቤት ይሸታል፤ መስኮቶቹ ይከፈቱ፣ ወለሉ ይታጠብ፣ የተቃጠሉ አምፖሎች ይቀየሩ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧና የማይዘጋው የመታጠቢያ ቤት በር ይጠገኑ። ገንዘብ ካለ ነጭ ቀለም ይቀቡት። ይህን የምለው ለውበቱ ብቻ አይደለም። የተበላሸ ቤት አይቶ ምንም የማይለው ተከራይ ራሱም ሲያበላሽ ምንም የማይሰማው ሊሆን ይችላል፤ ንጽሕና የሚወደው ግን ገና ከበሩ ይመለሳል።

ደላላውን አባርሩ አልልም፤ በሥራው የሚታመኑ ደላሎች አሉ። ሆኖም ክፍያው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ሰው ሳይመጣ በፊት ይነጋገሩ። የደላላው ጥቅም ቤቱ ቶሎ መከራየቱ ነው፤ ተከራዩ ስንት ዓመት መቆየቱ ግን የእርስዎ ጥቅም ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ባስገባው ሰው ላይ ከዓመት በኋላ የተሻለ ተከራይ አለኝ እያለ አከራይን የሚያማልል ነው። ስለዚህ በእርሱ ብቻ አይንጠልጠሉ። ለእድርዎ ሰዎች፣ ያስተምሩበት ለነበረው ትምህርት ቤት የሥራ ባልደረቦች፣ በአካባቢው ላለው ጤና ጣቢያና ባንክ ሠራተኞች ይንገሩ። በሰው በሰው የመጣ ተከራይ ቢያንስ የሚያፍርበት አንድ የጋራ ሰው ይኖረዋል። ሴት ልጅዎ በቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ማውጣት ትችል ይሆናል፤ ከሆነ እውነቱን ሁሉ እንዲህ ትጻፈው፦

«ጀሞ፣ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ማጠራቀሚያ ሮቶ አለው። የመብራት ቆጣሪው የራሱ ነው። ለቤተሰብ መኖሪያ ብቻ። ኪራይ 21,000 ብር፣ በባንክ የሚከፈል፤ ውሉ በወረዳ ይመዘገባል።»

የሮቶውንና የቆጣሪውን ነገር በእርስዎ ቤት እንዳለው ያስተካክሉት። ሊፍት እንደሌለው አስቀድሞ የተነገረው ሰው አራት ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ አይናደድም፤ አይቶ ከመጣ ደግሞ ደረጃውን ተቀብሎት ነው። «በወረዳ ይመዘገባል» የምትለዋ ሐረግ ብቻዋን ብዙ የማይፈለግ ስልክ ትቀንስልዎታለች።

ጊዜውንም ያስቡበት። በአዲስ አበባ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ቤት የሚቀይሩት አብዛኛውን ጊዜ በክረምቱ፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ነው። ልጆቹን በአቅራቢያ ያስመዘገበ ቤተሰብ በዓመቱ አጋማሽ በቀላሉ አይነቃነቅም። አንዳንድ አከራዮች ልጅ ያለው አንፈልግም ይላሉ፤ ግድግዳ ይቆሽሻል ብለው። ግድግዳ በቀለም ይመለሳል። ከልጆች ጋር የሚኖር ሰው ለመቆየት ያለውን ፍላጎት ግን በሌላ ነገር አይተኩትም።

አሁን ወደ ምርጫው። ተመልካቹ ሲመጣ እርስዎ ራስዎ ወይም ልጅዎ ተገኝታችሁ ተነጋገሩ፤ ነገሩን ለደላላ አትተዉት። የት ይሠራል? ከእርሱ ጋር ስንት ሰው ይገባል? አሁን የት ይኖራል፣ ለምን ይለቃል? ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ መልሶቹ እርስ በርስ ይስማሙ እንደሆነ ያድምጡ። የሚጠይቅዎትንም ያስተውሉ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይቋረጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ሲኖር ራሱን እያየ ነው። «ዛሬ ማታ ዕቃዬን ላምጣ» የሚለውን ግን ምን እንዳስቸኮለው ሳያውቁ እሺ አይበሉት።

ከዚያ ማስረጃ። መታወቂያው፣ የፋይዳም ይሁን የነዋሪነት፣ ዋናው ይታይ፤ ቅጂው ይቀመጥ። ተቀጣሪ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ፤ ነጋዴ ከሆነ ንግድ ፈቃዱ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ብቻ አይደውሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ሩቅ ካልሆነ አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ ገቢያቸውን አብረው ይመልከቱ፤ የአንዱ ደመወዝ ትንሽ ነው ብለው ጥሩ ቤተሰብ እንዳይመልሱ።

ጥቂት አከራዮች ብቻ የሚጠቀሙበት ሌላ ማስረጃ አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነውም እርሱን ነው። ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል በሕግ ከተደነገገ ወዲህ ደህና ተከራይ የከፈለበትን ታሪክ በስልኩ ይዞ ይዞራል። ላለፉት ጥቂት ወራት ለአሁኑ አከራዩ ያስተላለፈውን ክፍያ እንዲያሳይዎ በትሕትና ይጠይቁት። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን አካባቢ 18,000 ሲከፍል የቆየ ሰው 21,000 መክፈል መቻሉ አይከብድም። ሳይከፍሉ ሰንብተው በአንድ ጊዜ የሚከፍሉ ሰዎችም እዚያው ይታያሉ።

የቀድሞ አከራዮቹንም ያነጋግሩ፤ አሁን ያለበትን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረበትን ጭምር። የአሁኑ አከራይ ሊገላገለው ፈልጎ ሊያሞግሰው ይችላል፤ ወይም እንዳይለቅበት ፈልጎ ሊያማው ይችላል። የበፊቱ ግን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ነገር ስለሌለ እውነቱን ይነግርዎታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ «ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ ያከራዩታል?»

ስለ እህትዎ ምክር በግልጽ ልናገር፤ አይስሟቸው። ይህ ነገር በከተማችን የኪራይ ገበያ ውስጥ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው። ስልክ ላይ ስሙን ብቻ ሰምተው «ተከራይቷል» የሚሉ አሉ፤ በሃይማኖቱ የሚመልሱ አሉ፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ከሆነች በዓይን የሚገመግሙ አሉ። በደል ነው። ከበደልነቱም ባሻገር አከራዩን ራሱን ያታልለዋል፤ የአገር ልጅ ነው ተብሎ ማስረጃ ሳይጠየቅ የገባው ሰው ኪራይ ሲያቆም በይሉኝታ የሚጠየቅበት አፍ ይጠፋል። እርስዎ ፈተና ሲያርሙ የኖሩ መምህርት ነዎት፤ የተማሪውን ስም አይተው ውጤት አልሰጡም፤ መልሱን አንብበው ነው። እዚህም እንዲሁ ያድርጉ። ለእህትዎ ሲመልሱ በእኔ ቢያሳብቡ ቅር አይለኝም።

ጎረቤትዎ ላይ የደረሰውን ፈርተው ተያዥ ቢጠይቁ ነውር የለውም፤ ግን በአግባቡ ይጻፉት። ተያዡ ቀርቦ «እኔ አለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ ቢበዛ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተገለጸበት አይጸናም። ስለዚህ ለምሳሌ «እስከ 63,000 ብር ለሚደርስ ያልተከፈለ ኪራይና የአገልግሎት ዕዳ» ተብሎ በቁጥር ይጻፍ፤ ተያዡም ይፈርምበት። ብዙ አከራይ ፍርድ ቤት ደርሶ የሚያዝነው ይህች መስመር ቀርታበት ነው።

ውሉን ስትዋዋሉ ወረዳው የሚሰጠውን ቅጽ ይዛችሁ በላዩ ላይ የሚያስፈልገውን ጨምሩ፤ ሁለት ምስክሮች ይኑሩ። ኪራዩ በወሩ እስከ ስንተኛው ቀን እንደሚገባ፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ፣ ውሃና መብራት በማን እንደሚከፈል፣ የሕንፃውን የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ማን እንደሚሸፍን፣ ቤቱን ለሦስተኛ ሰው ማከራየት እንደማይቻል ይጻፍ። የሚጻፈው ኪራይ የሚከፈለው ኪራይ ይሁን። ግብር ለመቀነስ ብለው በወረቀት 10,000 ጽፈው በእጅ 21,000 የሚቀበሉ አከራዮች አሉ። ተከራዩ መክፈል ያቆመ ዕለት ዳኛ የሚያነበው 10,000 የሚለውን ነው። የኪራይ ገቢ ግብርዎን ይክፈሉ፤ በእውነተኛ ውል ላይ ቆመው መከራከር ከሚያተርፉት ይበልጣል።

የመብራትና የውሃ ዕዳው ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ቆጣሪዎቹ በባለቤት ስም ስለሚሆኑ ተከራዩ ጥሎት የሄደው ዕዳ ቤቱ ላይ ይቀራል። የመብራቱ ቆጣሪ በካርድ የሚሞላ ከሆነ ሐሳብ አይግባዎ፤ አስቀድሞ ካልተከፈለ አይበራም። ካልሆነ ግን ቁልፍ በሚሰጡበት ዕለት የሁለቱንም ቆጣሪ ንባብ ፎቶ አንሥተው፣ ቁጥሩን በርክክብ ወረቀቱ ላይ ጽፈው ተፈራረሙ። በዚያው ወረቀት የበር ቁልፎች ብዛት፣ የመስታወቶች፣ የእቃ ማጠቢያው፣ የቁም ሳጥኑና የሶኬቶቹ ሁኔታ ይመዝገብ። በየሦስት ወሩ ደረሰኝ እንዲያሳይዎ በውሉ ላይ ማስገባት ይችላሉ። እርሱ የማያሳይ ከሆነ ጠፍቶ እስኪሄድ ሳይጠብቁ ያውቁታል።

አንድ የቤተሰብ ጉዳይ እንዳይረሳ። ቤቱ ከሟች ባለቤትዎ ጋር የደረሳችሁ ከሆነና የውርሱ ጉዳይ ገና ካልተጣራ ልጆችዎም ድርሻ ሊኖራቸው ስለሚችል ስምምነታቸው በጽሑፍ ይኑር። ውጭ ያለው ልጅዎ በሚኖርበት አገር ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይችላል። ለእርሱ ጊዜ የሚወስድበት ሥራ ነውና ከዛሬ ይጀምረው፤ ረቂቅ ውል ከማዘጋጀት ይልቅ በዚህ ቢረዳዎ ይሻላል።

ተከራዩ ከገባ በኋላ ስላለው ጊዜ ደብዳቤዎ አልጠየቀኝም፤ ግን መልካም ተከራይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ያኔ ነው። ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም መኖሪያው የእርሱ ሆኗል። የተቀመጠልዎ ቁልፍ ቢኖርም ሳይደውሉና ሳይፈቅድ አይግቡ። ምን በላ፣ ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ገባ አይበሉ። ቧንቧ ፈነዳ ብሎ ሲደውል በዚያው ቀን ሰው ይላኩ፤ ትልልቁ ጥገና የባለቤት፣ የዕለት ተዕለት ጥቃቅኑ የተከራይ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተግባቡ። በገባ ሰሞን ለሕንፃው ኮሚቴና ለፊት ለፊት ጎረቤቶች ያስተዋውቁት። ጎረቤት የሚያውቀው ሰው ይከበራል፤ ችግር ሲኖርም ቀድመው የሚደውሉልዎ እነርሱ ናቸው። በጊዜ የሚከፍል፣ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ካገኙ ዓመቱ ሲሞላ የተፈቀደውን ጭማሪ ሁሉ መውሰድ ግዴታ አይደለም፤ እኔ ብሆን በግማሹ እስማማ ነበር።

በዚህ ሳምንት እንግዲህ ሦስት ሥራ አለብዎ። ለደላላው «ውል ፈርሞ በወረዳ የማያስመዘግብ ሰው አላስገባም፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያም አልቀበልም» ብለው ይደውሉ፤ ያመጣው ሰው በዚህ ከተስማማና ማስረጃውን ካቀረበ እንደ ማንኛውም አመልካች ይታይ። የሕንፃውን ሰዎች ዋጋ ይጠይቁ። ካርታዎንና መታወቂያዎን ይዛችሁ ከልጅዎ ጋር ወደ ወረዳችሁ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የውሉን ቅጽ ውሰዱ፤ ለምዝገባው የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ዝርዝር እዚያው በጽሑፍ ተቀበሉ።